ምዕራፍ አምስት፦ አክተሩ አይሞትም

እ.ኤ.አ. በጁን 1991 አሜሪካ ውስጥ ልጁን ይዞ ገበያ የወጣ ወላጅ ከሮቢን ሁድ ማምለጫ አልነበረውም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሻንጉሊት መሸጫ ቢገባ ቀስት የያዙ ትንንሽ ሮቢን ሁዶች ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ለቤቱ ምግብ ሊሸምት ቢሄድ የቁርስ እህል ካርቶን ላይ የፊልሙ ስም ታትሟል፤ ሬዲዮ ሲከፍት የብራያን አዳምስ ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ እንግሊዝ አገር ለ16 ተከታታይ ሳምንታት አንደኛነቱን ሳይለቅ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ግርግር «ሮቢን ሁድ፦ ፕሪንስ ኦቭ ቲቭስ» ለተባለው፣ ኬቨን ሬይኖልድስ አዘጋጅቶት ኬቨን ኮስትነር በመሪነት ለተወነበት ፊልም ነው።

አሻንጉሊቱ የተገዛለት ልጅ አባቱን ጎትቶ ሲኒማ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ኢየሩሳሌም ውስጥ የሚገኝ ጨለማ እስር ቤት ነው። ሰዎች በሰንሰለት ታስረዋል፤ እጃቸው ሊቆረጥ ተራ ይጠብቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ታሪኩ ወደ እንግሊዝ ይሻገርና ነጭ ቆብ ያጠለቁ ሰዎች ችቦ ይዘው የሮቢንን አባት ግንብ ይከባሉ፤ አባትም ይገደላል። ሮቢን አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው የአባቱ የበሰበሰ ሬሳና ሁለት ዓይኖቹ የጠፉ ታማኝ አሽከር ነው። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው።

እንዲህ ያለውን ፊልም ለልጅ ላሳይ ወይስ አላሳይ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ስለ ደም ነው፤ «ብዙ ደም አለው»፣ «ደም የለውም፣ ችግር የለም» ይባላል። ደም ለመቁጠር ስለሚቀል ይመስለኛል። እኔ ግን ሰይፍና ጦር ያለበትን ፊልም ስመዝን የምጠይቀው ሌላ ነው። የተጎዳው ማን ነው? ከተጎዳ በኋላ ምን ሆነ? ሲጎዳስ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው ነው የተፈለገው፤ እንዲያዝን፣ እንዲፈራ ወይስ እንዲስቅ? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን አንድ ጠብታ ደም የሌለበት ፊልም ከባድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በመጀመሪያ ግን የዕድሜ ምልክቱን እንይ፤ ብዙ ወላጅ ፍርዱን ለእሱ አሳልፎ ይሰጣልና።

አሜሪካኖች ፊልምን በፊደል መመደብ የጀመሩት በኖቬምበር 1968 ነው። ለብዙ ዓመታት፣ ወላጅ ልብ እንዲል ከሚያሳስበው «ፒጂ» ቀጥሎ ያለው ደረጃ በቀጥታ፣ ልጅ ከወላጅ ጋር ካልሆነ የማይገባበት «አር» ነበር፤ በመካከላቸው ምንም አልነበረም። በ1984 ስቲቨን ስፒልበርግ ሁለተኛውን የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ሲያወጣ አንድ ሰው ሌላውን በእጁ ደረቱን ሰንጥቆ ልቡን የሚያወጣበት ትዕይንት በ«ፒጂ» ደረጃ ሕፃናት ፊት ቀረበ። ወላጆች ተቆጡ። መካከለኛ ደረጃ ይኑር ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ስፒልበርግ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ «ፒጂ-13» ሥራ ላይ ዋለ። ትርጉሙ አንዳንዱ ነገር ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ላይስማማ ይችላል ማለት ነው። ምክር ነው እንጂ ክልከላ አይደለም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ትኬት ቆርጦ ቢገባ የሚመልሰው የለም። «ፕሪንስ ኦቭ ቲቭስ» የወጣው በዚህ ደረጃ ነው።

እንግሊዞች በ1912 ከተቋቋመው የፊልም መዳቢ ቦርዳቸው ጋር ሌላ መንገድ ሄዱ። እነሱ ዘንድ ከ1989 ጀምሮ «12» የሚባል ደረጃ ነበር፤ ያን የተሰጠውን ፊልም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእናቱም ጋር ቢሆን ሲኒማ ቤት ገብቶ ሊያየው አይችልም ነበር። የሮቢን ሁድ ፊልም ለልጆች ክፍት በሆነው በ«ፒጂ» እንዲገባ ጥቂት ሰከንዶች ተቆረጡለት። ከፊልሙ ክብደት ጥቂት ሰከንድ ቢቀነስ የሚለወጥ ነገር ትንሽ ነው፤ የገበያው ስፋት ግን በብዙ ይለወጣል። ወላጅ ይህን ማወቅ አለበት። ምልክቱ ከፊልሙ ይዘት በተጨማሪ የአከፋፋዩን ፍላጎትም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የ1995ቱን «ብሬቭሃርት» ብንወስድ ልዩነቱ ይሰፋል። አሜሪካ «አር» ተብሏል፤ ስለዚህ የስድስት ዓመት ሕፃን እንኳ ከወላጁ ጋር ከሆነ ይገባል። እንግሊዝ «15» ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከማንም ጋር ቢመጣ አይገባም። ፊልሙ ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው። ጀርመን 6፣ 12 እና 16ን፣ ስዊድን ደግሞ 7፣ 11 እና 15ን መለኪያ አድርገዋል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሄዱ ወገኖቻችን ዘንድ ይህ ግራ መጋባት በደንብ ይታወቃል፤ የአገሩን ቋንቋ ከወላጆቹ ቀድሞ የለመደው ልጅ ምልክቱን አንብቦ የሚተረጉመው ራሱ ነውና «ለልጅ ነው የሚለው» ካለ ተከራካሪ የለውም። አገር ቤት ደግሞ በዲሽ የሚመጣው ፊልም ላይ ምልክቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በፍላሽ ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው ላይ ጨርሶ የለም። ሲጠቃለል ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም ሥራው የወላጅ ነው።

አሁን ወደ ደሙ ጉዳይ ልመለስ። በ1938 የወጣውና ኤሮል ፍሊን የሠራበት «ዘ አድቬንቸርስ ኦቭ ሮቢን ሁድ» ለልጅ ተስማሚ ከሚባሉት የመካከለኛው ዘመን ፊልሞች ግንባር ቀደሙ ነው። እኔም ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ሳላቅማማ የማሳየው ነው። ሆኖም ስንት ሰው እንደሚሞትበት ልብ ያለ ሰው ይደነግጣል። ቀስት ይስባሉ፣ ሰው ይወድቃል፤ እንደገና ይስባሉ፣ ሌላው ይወድቃል። ያ ሁሉ ፍላጻ በዘዴ የተቀረጸ የካሜራ ማታለያ አልነበረም። ሃዋርድ ሂል የተባለ ስመ ጥር ቀስተኛ ተቀጥሮ በእውነተኛ ቀስት በእውነተኛ ሰዎች ላይ ይተኩስ ነበር። ተዋጊዎቹ ከልብሳቸው ሥር ብረት ይለብሳሉ፣ ብረቱ ላይ ፍላጻው የሚሰካበት ቀላል እንጨት ይደረጋል፤ ለእያንዳንዱ ምት 150 ዶላር ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ፍላጻው ደረት ላይ ሲተከል ድምፁም ንዝረቱም እውነት ነው። ደም ግን የለም። የሚቃትት የለም፣ የሚቀብር የለም፣ የሟች ሚስት አትታይም።

ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ለሰባት ዓመት ልጅ ጥሩ ነው፤ ጨዋታ መሆኑ በግልጽ ይታያልና። የልብሱ ቀለም ይጮኻል፣ ሮቢን እየሳቀ ይዋጋል፣ ሙዚቃው ምን ሊሆን እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ነገር ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ሰው ተመትቶ የማይታመምበት ፊልም ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ይማራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን በሰፊው የመረመረው ብሔራዊ ጥናት የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ፣ ጥቃት ከታየባቸው ትዕይንቶች ውስጥ በ73 በመቶው አድራጊው ሳይቀጣ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው የጥቃቱ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ጥቃት ሕመምም ቅጣትም ሐዘንም ሳያስከትል መቅረቡ ነበር። ደሙን ጠርጎ ሕመሙን የደበቀ ፊልም ዝቅተኛ የዕድሜ ምልክት ያገኛል፤ ሕመሙን ያሳየ ከፍ ያለውን ያገኛል። ወላጅ ምልክቱን ብቻ ተከትሎ ከሄደ ልጁ ለዓመታት የሚያየው የመጀመሪያውን ዓይነት ይሆናል።

እንግዲህ ልጅ በየዕድሜው የሚፈራው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ግምት ይስታል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ካንተር ልጆች በፊልምና በቴሌቪዥን ምን እንደሚያስፈራቸው ረጅም ዘመን አጥንታለች። ከሥራዎቿ አንዱ «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ የተደረገ ነው። ሀልክ ደግ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ወደ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር ይለወጥና የተቸገረውን ያድናል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉት ሕፃናት በጣም የፈሩት ሰውየው ሲለወጥና ከተለወጠ በኋላ ነው፤ መልኩ ያስፈራልና። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያሉት ግን የፈሩት ከዚያ በፊት፣ ሰውየው አደጋ ላይ በነበረበት ሰዓት ነው። ሲለወጥማ እፎይ አሉ፤ አሁን ሊያድን ነው።

ይህን ወደ «ፕሪንስ ኦቭ ቲቭስ» እናምጣው። ፊልሙ ውስጥ ሞርቲያና የምትባል ጠንቋይ አለች፤ ፀጉሯ የነጣ፣ ዓይኗ የፈዘዘ፣ ከግንቡ ሥር በጨለማ የምትኖር። ለአምስት ዓመት ልጅ የፊልሙ ከባድ ነገር እሷ ናት። ምንም ሳታደርግ ብቅ ማለቷ ብቻ ለሌሊቱ ይበቃል። ያን ጊዜ አባት «አይዞህ፣ ውሸት እኮ ነው፣ ቀለም ተቀብታ ነው» ይላል። ካንተርና ባልደረቦቿ ይህንንም ፈትነውታል። እውነት አለመሆኑን ለራሳችሁ አስታውሱ የተባሉት ትልልቆቹ ልጆች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ትንንሾቹ ግን አልቀነሰላቸውም። ለትንሽ ልጅ የሚሠራው እቅፍ ማድረግ፣ የሚጠጣ መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ነው። ማብራሪያ ለበኋላ ይቆያል።

ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከጠንቋይዋ ይልቅ በአባትየው ሞት ይነካል፤ እሱም አባት አለውና። ከዚያ ደግሞ ዉልፍ አለ። ዉልፍ የሮቢን ባልደረባ የሊትል ጆን ልጅ ነው፤ እሱም ገና ልጅ ነው። የሮቢን ጠላት የሆነው ሸሪፍ ሠርጉን በሚያደርግበት ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ሊሰቀል ይቀርባል። እናቱ ሕዝቡ መካከል ናት። ገመዱ አንገቱ ላይ ይገባል፤ የቆመበት ነገር ከእግሩ ሥር ይወሰዳል፤ ልጁ ይንጠለጠላል፤ ካሜራው ወደ እግሮቹ፣ ወደ ገመዱ፣ ወደ ሮቢን ፊት ይመላለሳል። ሮቢን ይስባል፣ ይለቃል። በመጨረሻ ገመዱ ይበጠሳል፤ ልጁ ይተርፋል። ደም የለም። ትልቅ ሰው «ተረፈ አይደል?» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ይህን ትዕይንት ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ እጠነቀቅበታለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ አክተሩ አይሞትም። ልጅ ጎራዴ ሲመዘዝ፣ ግንብ ሲቃጠል ሳይርበተበት የሚቀመጠው ይህን ሕግ ተማምኖ ነው። ዉልፍ አክተር አይደለም፤ ትንሽ ልጅ ነው። ሕጉ አያድነውም፤ የሚያየው ልጅም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው፣ ሰይፍ በቤት ውስጥ አይገኝም፤ ገመድ ግን ይገኛል። የእንግሊዝ መዳቢዎች ልጅ ሊኮርጀው የሚችለውን አደገኛ ድርጊት ለብቻ የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። በ2002 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም እዚያ «ፒጂ» እንዲያገኝ በግንባር የመማታት ቅጽበት ተቆርጦለታል፤ የብርሃን ጎራዴው ግን አልተነካም። ለማያስተውል ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል። የብርሃን ጎራዴ ያለው ልጅ የለም፤ ግንባር ግን ሁሉም አለው። የስቅላት ትዕይንት ያለበትን ፊልም ከትንንሽ ልጆች ጋር ያየ ሰው በማግሥቱ ጨዋታቸውን ዞር ብሎ ማየት ይኖርበታል።

የዚህ ፊልም ትልቁ ችግር ግን መጨረሻው ላይ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ወላጅ በዚያ ሰዓት ልቡን አሳርፎ ወጥ ሊያማስል ተነሥቷል። ሸሪፉ የሮቢንን ፍቅረኛ ማሪያንን በግድ የግንቡ ማማ ላይ አውጥቶ ጳጳሱ ሥርዓተ ጋብቻውን እንዲያነብ ያዛል። ሮቢንና ጓደኛው አዚም በሩን እየደበደቡ ነው። ሸሪፉ በሩ ሳይሰበር ሊደፍራት ይታገላል፤ ጠንቋይዋ ታግዘዋለች፤ ጳጳሱ ማንበቡን አላቋረጠም። ይህ አስገድዶ መድፈር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን ትዕይንቱ እንዲያስቅ ሆኖ ተሠርቷል። ሸሪፉን የሚጫወተው አለን ሪክማን ነው፤ ፊልሙን በሙሉ በቀልድ የተቆጣጠረ፣ በዚሁ ሥራው የእንግሊዝን የባፍታ ሽልማት ያገኘ ድንቅ ተዋናይ። ተመልካቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሸሪፉ አፉን በከፈተ ቁጥር መሳቅ ለምዷል። እዚህም ይስቃል።

የአምስት ዓመት ልጅ ምን እየሆነ እንዳለ አይገባውም፤ ትግል ነው የሚመስለው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ግን ይገባታል። ሳሎኑ ውስጥ ወንድሞቿ፣ አጎቷ፣ ምናልባት አባቷ ሲስቁ ትሰማለች። ያን ሳቅ እንዴት ትተረጉመዋለች? ወንድሟስ ከዚያ ሳቅ ምን ይዞ ይሄዳል? አንድም ልብስ ሳይወልቅ፣ አንድም ጠብታ ደም ሳይፈስ ያለፈው ይህ ትዕይንት ለእኔ ከእጅ ቆረጣው የከፋ ነው። እጅ ሲቆረጥ ፊልሙ ይህ ግፍ ነው ይላል፤ ማንም አይስቅም። ማማው ላይ ግን ግፉ መዝናኛ ሆኗል።

ታዲያ ፊልሙ ይጣል ማለቴ አይደለም። አዚም ብቻውን ለመታየት ምክንያት ይሆነዋል። ሞርጋን ፍሪማን የሠራው ይህ ሰው ጥቁር ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ነጮቹ የማያውቁትን የሩቅ ማሳያ መነጽር ያውቃል፤ ምጥ ጠንቶባት ልትሞት የተቃረበችን ሴት ሆዷን ከፍቶ ልጇን ያወጣል፤ የሚጸልይበትን ሰዓት ያከብራል፤ የገባውን ቃል እስኪፈጽም ከሮቢን አይለይም። ትንሽ ልጅ በፊልሙ ውስጥ ስለ መልኩ ጠይቃው በደግነት ሲመልስላት የሚታይበት ቅጽበት፣ ከአገሩ ርቆ በነጮች መካከል የሚያድግ ልጅ ላለው ቤተሰብ ብዙ ጭውውት ይከፍታል። የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከ12 ዓመት በታች ላለ አይሆንም፤ 12 እና 13 ለሆነው ከትልቅ ሰው ጋር ይታይ፤ ማማው ላይ ሲደረስ ትልቁ ሰው አይሳቅ፣ አይነሣ። ፊልሙ ቆሞ «እዚህ ላይ መሳቅ አልነበረበትም» ቢባል ደግሞ የተሻለ ነው።

«ብሬቭሃርት» ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፤ የሚያታልለውም አጀማመሩ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሕፃኑ ዊልያም ዋላስ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪው ልጅ የሆነበት ፊልም የልጅ ይመስላል። ሕፃኑ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ጎተራ ከፍቶ ሲገባ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ሬሳዎች መካከል ራሱን ያገኛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአባቱ ሬሳ መጥቶ ይቀበራል። አድጎ ያገባት ልጅ በሰው ፊት ጉሮሮዋን ትታረዳለች። ጦርነቱም ከዚያ ይከተላል፤ እግር ይቆረጣል፣ ፈረስ በእንጨት ይወጋል፣ ጭቃው ቀይ ይሆናል።

እዚህ ግን ማንም አይስቅም። የተገደለው ሁሉ ሰው ነበር፤ ሚስት፣ አባት ወይም ልጅ የነበረው። በመጨረሻም ሕጉ ይሰበራል፤ አክተሩ ይሞታል። ዋላስ በእውነተኛው ታሪክ ለንደን ስሚዝፊልድ ላይ የተገደለው ኦገስት 23 ቀን 1305 ነው፤ ተሰቅሎ ሳይሞት ወርዶ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ተቆራርጦ። ፊልሙ የዚህን አብዛኛውን አያሳይም። የማሰቃያ መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያሳያል፣ ከዚያ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቀራል። የሚጮኸው ሕዝብ ቀስ በቀስ ጸጥ ይልና ምሕረት መለመን ይጀምራል። ከላይ እንዳልኩት አለመታየቱ አያቀለውም። የሚታየውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ይከብዳል፤ ልጁ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋልና። ለ15 እና ለ16 ዓመት ወጣት ግን ይህ ጭካኔ ምን እንደሆነ የሚያሳውቅ ትዕይንት ነው። እንግሊዞቹ «15» ማለታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ለወጣቱም መነገር አለበት። ፊልሙ ታሪክ መስሎ ይገባል እንጂ ታሪክ አይደለም። በፊልሙ ከዋላስ ጋር የምትፋቀረው ልዕልት ኢዛቤላ ዋላስ ሲገደል አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች፤ እንግሊዝ የገባችውም በ1308 ነው። በ1297 የተደረገው የስተርሊንግ ጦርነት ስሙ ራሱ ከድልድይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስኮትላንዳውያኑም ያሸነፉት እንግሊዞቹ ጠባቡን ድልድይ ሲሻገሩ ጠብቀው ነው። ፊልሙ ውስጥ ድልድይ የለም፤ ሜዳ ላይ በጉልበት ተጋጥመው ያሸንፋሉ። ጥበብ ያሸነፈበትን ቀን ጉልበት ያሸነፈበት አድርጎ ማሳየት ለልጅ የሚተላለፈውን ትምህርት ይለውጠዋል፤ እኔን ከደሙ ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

ወላጅ ቀድሞ ፊልሙን ይየው የሚለው ምክር የታወቀ ነው። እንዴት እንደሚያይ ግን ብዙ አይነገርም። በ2014 «ፒዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 1,000 ወላጆችን ከታወቁ ፊልሞች የተወሰዱ ከባድ ትዕይንቶችን አንድ በአንድ እያሳየ፣ ይህን ለስንት ዓመት ልጅ ትፈቅዳላችሁ ብሎ ጠይቋል። በመጀመሪያው የጥቃት ትዕይንት ወላጆቹ በአማካይ 17 ዓመት ገደማ አሉ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ 14 ገደማ ወርደው ነበር። ሁሉም የታየው በአንድ መቀመጫ ነው። ሰው ይለምዳል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ ካየን በኋላ ፍርድ መስጠት ያሳስታል የሚል ነው። እጅ ሲቆረጥ፣ ልጁ ሲሰቀል፣ ማማው ላይ፣ በየቦታው ቆም ብሎ ለልጄ ስንት ዓመት እስኪሞላት ልጠብቅ ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም ትልቁን ቁጥር መውሰድ ያስፈልጋል። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ይይ፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ከባዱን ለፍጻሜ ያቆያሉና።

በእኛ ቤት የሚጨመር ችግር አለ። ሳሎኑ አንድ ነው፤ ቴሌቪዥኑም አንድ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ሲያይ የአራት ዓመቷ እህቱ ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች፣ «እሷ አይገባትም» ይባላል። አይገባትም፤ ትፈራለች እንጂ። ድሮ አያት ጅብ አህያን የበላበትን ተረት ስትነግር የልጁን ፊት እያየች ነበር፤ ከፈራ ጅቡን ታሳጥረዋለች፣ ካልፈራ ታስጮኸዋለች። ፊልም የተመልካቹን ፊት አያይም። ስለዚህ ለሳሎኑ የሚመረጠው ፊልም በትንሿ ልክ መሆን አለበት፤ ትልቁ የሚያየውም ትንሿ ከተኛች በኋላ ይሁን። ትልቁ ያኮርፋል። ያኩርፍ።

ደግሞም ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ልጁ ጎረቤት ሄዶ አይቶት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ «ማን እይ አለህ!» ብሎ መጮህ በሩን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛ አይናገርም። «ፈራህ?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፤ ወንድ ልጅ በተለይ «አልፈራሁም» ነው የሚለው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲተርክ መጠየቅ ይሻላል። ሲተርክ የሚዘለው ቦታ ይኖራል፤ ወይም ደጋግሞ የሚመለስበት። የአምስት ዓመቱ ጠንቋይዋ ጋ ይደርስና ሌላ ወሬ ያነሣል። የስምንት ዓመቱ ዉልፍ እንዴት እንደተረፈ ሦስት ጊዜ ይተርካል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ገመዱ ቀደም ብሎ ይበጠሳል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃገረድ ፊልሙን በሙሉ ተርካ ማማውን ብቻ ትተወዋለች፤ እናቷ ያን ክፍል ራሷ ካላነሣችው ልጅቷ በራሷ አታነሣውም።